ኮርኒስ ሸካራ ማድረግ፦ በኮምፕሬሰር ትረጩታላችሁ፣ በሮለር ትሰሩታላችሁ ወይስ ለባለሙያ ትሰጡታላችሁ?

የኛ ሳሎን የገባ ሰው ቡና እስኪቀርብ ቀና ሲል ኮርኒሱን ያይና "ይሄን ማን ሰራላችሁ?" ይላል። ራሴ ረጭቼው ነው ስል ጥያቄው ይቀጥላል፣ በምን ረጨኸው፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ እኔስ ብሞክረው ይሆንልኛል ወይ። አዳማ ላይ ያልሰራ ወይ ያላደሰ ዘመድ ስለሌለኝ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሶስት ክፍል ሰርቻለሁ፣ ሁለቱን መኝታ ቤቶች በሮለር፣ ሳሎኑን በኮምፕሬሰር፤ የወንድሜን ቤት ደግሞ ባለሙያ ሲሰራው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ ስለዚ የማወዳድረው በእጄ የነካሁትንና በአይኔ ያየሁትን ነው።

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልበል። ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ማለት እቃ ያልገባበት ወለሉም ገና ያላለቀ ከሆነ እርጩት፣ ፈጣን ነው መልኩም በሮለር አይገኝም። ሰው እየኖረበት ከሆነ፣ ሶፋው ቁምሳጥኑ ቴሌቪዥኑ እዛው ካለ ሮለር ይሻላችኋል፤ ምክንያቱም የኛን ሳሎን (4 በ5 ሜትር ነው) መርጨቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ መሸፈኑ ግን ሁለት ሰው ሆነን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አለፍ ድረስ ፈጅቶብናል። ምርጫችሁን የሚወስነው መርጫው ሳይሆን መሸፈኑ ነው፣ እኔ ሳሎኑን ከጨረስኩ በኋላ ነው ይሄ የገባኝ። ኮርኒሳችሁ ቺፕውድ ከሆነ ደግሞ ስለ መርጨትም ስለ ሮለርም ከማሰባችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

መጀመሪያ ኮርኒሱ ምንድነው?

ብዙ ሰው ከመሳሪያው ይጀምራል፣ ልክ አይደለም። ከላይ ያለው ነገር ውሃ ይችላል ወይ ነው ጥያቄው፣ ምክንያቱም የሚረጨው ስቱኮ በውሃ የቀጠነ ነው፣ እስኪደርቅ ድረስ ኮርኒሱ ያን ውሃም ያን ክብደትም ተሸክሞ ነው የሚቆየው።

ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ ቦርዱ የታሰረበት ሞራሌ ወይ ብረት በምን ያህል ርቀት ነው ያለው? 12 ሚሊሜትር ቦርድ በየ40 ሳንቲም ከታሰረ ችግር የለም፣ በየ60 ሳንቲም ከሆነ ግን እርጥቡ ስቱኮ ሲያርፍበት መሀል መሀሉን ወደ ታች ሊያረግብ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከደረቀ በኋላ አይመለስም። ያሰራችሁትን ሰው ጠይቁ፣ ካልተገኘ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደፈንበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አርጉና በሜትር ለኩት። ሁለተኛ መጋጠሚያው በወረቀት ወይ በመረብ ተለጥፎ፣ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተፍቆ ከዛ አንድ ዙር ፕራይመር መቀባት አለበት። ፕራይመሩን አትዝለሉት፤ ወረቀቱና ስቱኮው ውሃ የሚመጥጡበት ፍጥነት ስለሚለያይ ሸካራው ከደረቀ በኋላም መጋጠሚያዎቹ እንደ መስመር ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሸካራ ነገር ሁሉን ይሸፍናል የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ትንሽ ወጣ ገባን ይሸፍናል፣ ክፍት መጋጠሚያን ግን አይሸፍንም።

ሶሌታ ከሆነ፣ ማለት ኮንዶሚኒየም ወይ ፎቅ ቤት ሆኖ ከላይ ኮንክሪት ከሆነ፣ ለዚህ ስራ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። ውሃውን አይፈራም፣ አይረግብም፣ የፎርሙ (ኮንክሪቱ የተሞላበት) የጣውላ አሻራም ሸካራው ውስጥ ይጠፋል። አቧራውንና ፎርሙ የተቀባውን ዘይት ግን በደንብ አጥቡት፣ ዘይት ያለበት ቦታ ላይ ስቱኮ አይዝም።

ቺፕውድ ላይ ነው እኔ ሰው እንዲጠነቀቅ የምፈልገው። አዳማ ውስጥ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ቆርቆሮ ከላይ ቺፕውድ ከታች ናቸው። ቺፕውድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደነበረው አይሆንም። በዛ ላይ ቀን ቆርቆሮው ግሎ ማታ ሲቀዘቅዝ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፣ መጋጠሚያው ላይ የረጫችሁት ነገር ይሰነጠቃል። ቀድሞ በዘይት ቀለም በደንብ ከተቀባ ውሃውን ይመልስላችኋል፣ አብረቅራቂውን በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዛችሁ ስስ አርጋችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ መጋጠሚያውን ግን በሊስቴሎ (በቀጭኑ የእንጨት ዘንግ) እንደተሸፈነ ተዉት። ጥሬ ቺፕውድ ከሆነ አትንኩት ነው የኔ ምክር፤ ያን ገንዘብ አጠራቅማችሁ ጂፕሰም አሰሩበት።

አቡጀዲና ፒቪሲ ላይ አይሰራም፣ እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ሌላ ሁለት ነገር። ቆርቆሮው አፍስሶ ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ መጀመሪያ ፍሳሹን አስደፍኑ፣ ከዛ ምልክቱን በዘይት ቀለም ዝጉት፣ አለበለዚያ በውሃ የተሰራ ስቱኮና የውሃ ቀለም ሲያርፍበት ያ ቡናማ ነገር እየሟሟ ወደ ታች ይወጣል፣ ሶስቴ ብትቀቡትም ይወጣል። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አሜሪካኖች ሙሉ ልብስና ማስክ ለብሰው ሸካራ ኮርኒስ ሲፍቁ አይታችሁ የምትፈሩ አላችሁ፤ ምክንያቱ እነሱ ጋ ድሮ ይረጭ የነበረው ነገር ውስጥ አስቤስቶስ ይጨመርበት ስለነበር ነው፣ መንግስታቸው ለጌጥ የሚረጨውን በ1978 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። ዛሬ የምትገዙት የተዘጋጀ ስቱኮ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን የናንተ ኮርኒስ የድሮ የሲሚንቶ ሉህ የመሰለ ጠንካራ ግራጫ ነገር ከሆነ አትፈቅፍቁት አትብሱትም፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ።

የትኛው መልክ?

ሶስት አይነት ነው በብዛት ያለው። አንዱ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ስስ ሸካራ ነው፣ የኛ ሳሎን እሱ ነው። ሁለተኛው ወፈር ያለ ጠብታ ተረጭቶ ትንሽ ጠፈፍ ሲል በሰፊ ስፓቱላ ጫፉ የሚተኛው ነው፣ ከታች ሲታይ እንደ ካርታ ጠፍጣፋ ደሴት ደሴት ይመስላል። ሶስተኛው እንደ ፈንዲሻ የተንጠለጠለ ድብልብል ያለው ነው።

ፈንዲሻውን እኛ ሀገር ቤት ውስጥ አልመክርም፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ውስጥ ከሰል እናቀጣጥላለን፣ ቡና እንቆላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን። ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ድብልብል ስር ጥቀርሻ ይይዛል፣ በጨርቅ አይጠረግም ምክንያቱም ስትነኩት ይረግፋል። የአዳማ አቧራ ደግሞ አለ። አክስቴ ቤት ስስ ሸካራው ነው ያለው፣ እሷ ሁሌ ረከቦቱን የምታስቀምጥበት ጥግ ላይ ኮርኒሱ ከሌላው ጠቆር ብሏል፣ ስስ ሆኖ እንኳን! እሷ ግን በየአመቱ ለበዓል አንድ ዙር ፕላስቲክ ቀለም ታስቀባዋለች ይመለሳል። ፈንዲሻ ቢሆን ኖሮ ሮለሩ ገና ሲነካው እየተነቀለ ይወርድ ነበር። ኩሽና ከሆነ ደግሞ የትኛውም ሸካራ አይሁን፣ ለስላሳ አርጋችሁ የሚታጠብ ቀለም ቀቡት፣ ዘይትና እንፋሎት ያለበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው፣ በስፓቱላ የተኛው አይነት ያምራል፣ ግን ብቻችሁን አትሞክሩት። አንድ ሰው ሲረጭ ሌላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ፣ እርጥቡ ብልጭታ ሲጠፋ፣ ስፓቱላውን ይዞ መከተል አለበት። አዳማ ላይ ደግሞ ሙቀቱና ንፋሱ ያን ጊዜ ያሳጥረዋል፣ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያው ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለጀማሪ ስስ የብርቱካን ልጣጩ ይሻላል፣ ስህተትም አያጎላም።

በኮምፕሬሰር መርጨት

መሳሪያው ላዩ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ያለው ሽጉጥ ነው፣ ስቱኮው ከላይ ይፈሳል፣ አየሩ ከኋላ ይገፋዋል። እኔ መርካቶ ወርጄ ነው የገዛሁት። የመኪና ቀለም መርጫ ያለው ጓደኛ "በዚ አይሆንም ወይ" ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ አይሆንም፤ የመኪናው አፍ ቀዳዳው ከ2 ሚሊሜትር ያንሳል፣ ለስቱኮ ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። አብረውት የሚመጡትን የተለያዩ አፎች አትጣሉ፣ ትንሹ ለስስ ነው ትልቁ ለወፍራም።

ዋናው ግን ኮምፕሬሰሩ ነው። መጀመሪያ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ትንሿን 24 ሊትር ልከራይ ስለው ምን ልሰራባት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ይቺ ጎማ ትነፋለች፣ ግፊት አላት፣ ግን አየር አታደርስልህም" አለኝ። አልሰማሁትም፣ ወሰድኳት። ልክ ነበር። የመጀመሪያው አንድ ሜትር እንደ ፎቶ አማረ፣ ከዛ ጌጁ መውረድ ጀመረ፣ ግፊቱ ሲወርድ ጠብታው እየተለቀ እየተለቀ ሄደና ሁለተኛው ሜትር ላይ አውራ ጣት የሚያካክል ጉብ ጉብ ሆነ። ማስተካከል አይቻልም፣ እርጥብ እያለ በስፓቱላ ጠርጌ አወረድኩት። በማግስቱ ከአንድ ጋራዥ መኪና ቀለም የሚረጩበትን ባለ ቺንጊያውን 100 ሊትር ለግማሽ ቀን ተከራየሁ፣ በዛ ተሰራ። ስለዚ ስትከራዩ የጋኑን ሊትር ብቻ አትዩ፣ ጎኑ ላይ ያለው ፅሁፍ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ይናገራል፣ ከ150 በታች ከሆነ በየመሀሉ ቆማችሁ ጌጁ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ነው። መጠበቅ ራሱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ጌጁን ሳያዩ መቀጠል ነው።

ስቱኮውን የሚያቀጥነው ሰው እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እኛ ቤት ልኩን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ለ5 ሊትር የተዘጋጀ ስቱኮ ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ ጨምራችሁ በድሪል መበጥበጫ በጥብጡ፣ ከዛ በጣም በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ጭልፋ ስትነክሩና ስታነሱት ተቆራርጦ ዱብ ዱብ ካለ ወፍራም ነው፣ እንደ ውሃ ሳይቋረጥ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ለምጣድ የደረሰ የእንጀራ ሊጥ እንዴት ነው የሚወርደው፣ ወፈር ብሎ ሳይቋረጥ እየተጠቀለለ አይደል? እሱ ነው ልኩ። ከዛ በወንፊት አሳልፉት፣ አንዲት ድብልብል ብትኖር አፉን ትደፍናለች፣ እጃችሁ ከላይ ተዘርግቶ እያለ አፍ መፍታት በጣም ነው የሚያስጠላው። በጀሶ አትስሩት እባካችሁ። ጀሶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን በራሱ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሽጉጡ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ መሳሪያችሁ አበቃለት ማለት ነው። ለሳሎናችን 20 ካሬ ወደ 12 ሊትር ገደማ ድብልቅ ነው የሄደው፣ ስስ ስለሆነ።

ግፊቱን ከ2 ባር ጀምሩ። ጨመር ስታረጉት ጠብታው ይደቅቃል፣ ቀነስ ስታረጉት ይተልቃል። ኮርኒሱ ላይ አትሞክሩ፣ የፍሪጅ ወይ የቴሌቪዥን ትልቅ ካርቶን ከበር በላይ ከፍ አርጋችሁ ስቀሉና እሱ ላይ ሞክሩ፣ ደስ ያላችሁን መልክ ስታገኙ ጌጁ ስንት ላይ እንዳለና ስንት ውሃ እንደጨመራችሁ ጻፉት። እኔ ካርቶኑን ሶስቴ ጠርጌ ሶስቴ ነው የረጨሁት፣ አራተኛው ላይ መጣልኝ።

ማጠራቀሚያውን ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት። ግማሽ ሆኖ እንኳን 6 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያን ይዛችሁ ቀና ብላችሁ ነው የምትሰሩት። ሽጉጡን ከኮርኒሱ ግማሽ ሜትር ያህል አርቁ፣ ምላጩን ከመሳባችሁ በፊት እጃችሁ መንቀሳቀስ ይጀምር፣ ሳትቆሙ ሂዱ፣ ጫፍ ስትደርሱ ምላጩን ልቀቁ። ቆማችሁ የሳባችሁበት ቦታ ጉብ ይላል። መጀመሪያ ከመስኮት ወደ በር በስሱ አንድ ዙር፣ ከዛ አቋርጣችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሌላ ዙር፣ ሁለት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም በጣም ይሻላል። ከመሰላል ላይ አይመችም፣ አንድ እርምጃ ሄዳችሁ ወርዳችሁ ታነሱታላችሁ መስመሩም ይቋረጣል፤ ሁለት ጠንካራ ድጋፍ ላይ ሰፊ ጣውላ አስተኝታችሁ እሱ ላይ ተራመዱ፣ አንድ ሰው የአየሩን ጎማ ይያዝላችሁ እንዳይጠላለፍ።

መሸፈኑ፦ ግድግዳውን ከላይ ጫፉ ጀምሮ በወረቀት ስኮች ቀጭን ላስቲክ አንጠልጥሉበት፣ መስኮትና በርም ጭምር። ወለሉ ላይ ላስቲክ ብቻ አታንጥፉ፣ ስቱኮ ሲንጠባጠብበት ያንሸራትታል፣ ከላዩ ማዳበሪያ ወይ ካርቶን ጣሉበት። አምፖሉን አውርዱ፣ ሶኬቱን ሸፍኑ፣ የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ፣ ኮምፕሬሰሩን ከሌላ ክፍል መስመር ስጡት። ረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽን ኮምፕሬሰር አይወድም፣ ሞተሩ መነሳት እያቃተው ይግላል፤ ሽቦውን አሳጥሩና የአየሩን ጎማ አርዝሙ። መነፅርና ማስክ ያስፈልጋል፣ ነገሩ አይን ላይ ነው የሚወርደው።

ደግሞ አዳማን አስቡ። ንፋሱ ከከተማ ወጣ ብሎ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች የሚያዞር ንፋስ ነው፣ በተለይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከነአቧራው ነው የሚገባው። እኔ አየር ይግባ ብዬ መስኮት ከፍቼ ነበር የጀመርኩት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ሁለት ካሬ በጣም ፈጥኖ ደረቀ፣ ቡናማ ብናኝም ያዘ፣ ከቀባሁት በኋላ እንኳን ጣት ሲነካው እንደ አሸዋ ነው። ጠዋት በጊዜ ጀምሩ፣ መስኮት ዝጉ፣ ስትጨርሱ በር ገርበብ አርጋችሁ ተዉት፣ ቬንትሌተር አታዙሩበት። መብራት ደግሞ መሀል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሲጠፋ ጋኑ ውስጥ የቀረውን አየር ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ባላችሁበት አቁሙ፣ ማጠራቀሚያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። መስመር እንዳይታይ የሚያቆሙት ግድግዳ ጋ ስትደርሱ ቢሆን ደስ ይል ነበር፣ ግን መብራት አይመርጥላችሁም፤ ከተመለሰ በኋላ የቆማችሁበትን ጫፍ ከሩቅ በስሱ እየደረባችሁ አልፉ።

በሮለር

ይሄኛው ሽንፈት አይደለም፣ መኝታ ቤቶቻችንን ዛሬም ብሰራ በሮለር ነው የምሰራቸው። ስቱኮው ትንሽ ብቻ ይቀጥናል፣ ቅድም ካልኩት ሊጥ ወፈር ያለ፣ ገንፎ ሊሆን የደረሰ ነገር። ስፖንጅ መሳይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሮለር ትገዛላችሁ፣ አንድ ካሬ አካባቢ በስፓቱላ ወይ በተራ ሮለር ትቀቡና ቶሎ ብላችሁ በሸካራው ሮለር ትሄዱበታላችሁ፣ ሮለሩ ሲነሳ ስቱኮውን ስለሚስበው ትንንሽ ጫፍ ያወጣል። ከዛ ቀጣዩን ካሬ፣ የፊተኛው ጠርዝ ሳይደርቅ።

ጥቅሙ፦ መብራት አይፈልግም፣ ኪራይ የለም፣ የሚንጠባጠበው ስራችሁ ብቻ ስለሆነ አልጋውን ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ ሸፍናችሁ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ መስራት ይቻላል፣ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ጊዜ ነው፣ 12 ካሬ መኝታ ቤት ሁለት ሰው ሆነን ሶስት ሰዓት ያህል ወስዷል፣ ትከሻም ይቆርጣል። መልኩ ላይም ልዩነት አለ፤ ሮለር ሲዞር የራሱን ቅርፅ ይደግማል፣ መስኮቱ በጎን ከሆነና ብርሃኑ ኮርኒሱን አሻሽቶ ከገባ ያ ድግግሞሽ ይታያል። እያንዳንዱን ካሬ በተለያየ አቅጣጫ ስትሄዱበት ይጠፋል። ግድግዳው ጋ ያለችው አምስት ሳንቲም ሮለር ስለማይደርሳት በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ አርጓት። ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ያልኩት ላይ ደግሞ መቆሚያችሁ መጋጠሚያ መስመር ላይ ወይ መብራቱ መሀል ላይ ይሁን፣ የትም አትቁሙ።

ለባለሙያ መስጠት

ከ60 ካሬ በላይ ከሆነ፣ ወይ ኮርኒሱ ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ካለ፣ ወይ የተኛውን አይነት ከፈለጋችሁ ለባለሙያ ስጡት። ዋጋ በካሬ ነው የሚነጋገሩት፣ ዋጋው ውስጥ እቃ አለ የለም፣ መሸፈኑ የማን ነው፣ ፕራይመር አለበት የለበትም ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የወንድሜ ቤት ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ የሰራው ሰው እጁ ጎበዝ ነበር፣ አረጫጨቱ ከኔ በጣም ይበልጣል፣ ግን ጥሬው ጂፕሰም ላይ ያለ ፕራይመር ረጨውና ቀለም ከተቀባ በኋላ ማታ አምፖል ሲበራ እያንዳንዱ የቦርድ መጋጠሚያ ጎልቶ ወጣ። ወንድሜ ሲጠይቀው "ፕራይመር አላላችሁኝም" አለ። ስለዚ በቃል አትተዉት፣ በወረቀት ጻፉት፤ ደግሞ ሙሉውን ከመስራቱ በፊት የተረፈች የቦርድ ቁራጭ ላይ ረጭቶ ያሳያችሁ፣ ደርቃ እዩዋት፣ እርጥብና ደረቅ አንድ አይደለም።

አራተኛም ምርጫ አለ፣ ለስላሳ መተው። ጂፕሰሙን የሰራላችሁ ሰው መጋጠሚያውን በደንብ ከጨረሰውና ዙሪያውን የተደበቀ ሌድ መብራት ካስገባችሁ ሸካራ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ከጎን የሚመጣው ብርሃን የሸካራውን ጥላ ያረዝመዋል። ሸካራው የሚያዋጣው ኮርኒሱ ላይ ትንሽ ወጣ ገባ ሲኖር ነው፣ ለስላሳ ለማድረግ ሶስት ዙር ስቱኮና ሙሉ ቀን ፈቀፋ በሚጠይቅ ኮርኒስ ላይ።

ከሰራችሁ በኋላ

ላስቲኩን ሳይደርቅ አንሱት፣ ማለት ስኮቹን። ስቱኮው ከደረቀ በኋላ ስኮች ስትስቡ የኮርኒሱን ጠርዝ ይዞት ይመጣል። ሽጉጡን ወዲያው ነው የምታጥቡት፣ ምሳ በልቼ አይባልም፤ አንድ ባልዲ ንፁህ ውሃ ሞልታችሁ ውጪ አውጥታችሁ እርጩበት ንፁህ ውሃ እስኪወጣ። የታጠበውን ስቱኮ ወደ ቱቦ አትድፉ፣ ይዘቅጥና ይደፍነዋል፣ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ወይ ማዳበሪያ ላይ ይድረቅና ይጣል።

አዳማ ላይ በማግስቱ ደረቅ ይመስላል፣ ቢሆንም እኔ አንድ ቀን ጨምሬ ነው የቀባሁት፣ ወፈር ያሉት ጠብታዎች ውስጣቸው ይቆያል። እርጥቡ ጠቆር ያለ ነው ሲደርቅ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ይሆናል፣ በሱ ለዩት። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እያንዳንዱን ጉድለት ያሳያል። ፀጉሩ ረዘም ያለ ሮለር ተጠቀሙ፣ አትጫኑት፣ አንድ ቦታ ላይ አትመላለሱ ምክንያቱም የቀለሙ ውሃ ስቱኮውን ያለሰልሰውና ይዞት ይወርዳል። ከለስላሳ ኮርኒስ በላይ ቀለም ይጠጣል፣ ስትገዙ ጨመር አርጋችሁ ግዙ።

የተረፈውን ድብልቅ አትድፉት። እኔ ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ ባልዲ አርጌ ላዩ ላይ ላስቲክ አስተኝቼ ዘጋሁት፣ ክዳኑ ላይ በማርከር "ሳሎን፣ ትንሹ አፍ፣ 2 ባር" ብዬ ጻፍኩ። ከአምስት ወር በኋላ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አምፖሉን ሲያዛውር የሳህን ያህል ቦታ ተፈቀፈቀ። ላስቲኩን አንስቼ በጥብጬ፣ ለዛች ለአንዲት ሳህን ብዬ ኮምፕሬሰር ሳልከራይ፣ የጥርስ ብሩሽ ነክሬ ጠጉሩን በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ስቤ እየለቀቅኩ ረጨሁባት። ቀለም ከተቀባች በኋላ የት እንደነበረች የማውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።